ከነፋሱ በታች

ቦታው በመንዝ ደጋ ያለ ቁልቁል የሣር መሬት፣ ጊዜው ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር፤ የበጋው የቃጠሎ ቡድን አለቃ ትርንጎ ችቦ ይዛ ቆማለች፤ ከመሬቱ ግርጌ ቀፎና የድርቆሽ ክምር ያላቸው ጋሽ አውላቸው ከላይዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ትርንጎ፦ ይለኩሱ እንጂ፣ ጋሽ አውላቸው! እኔ ቆሜ ነፋስ ምን ያመጣል? ነፋስን እንደ ጥጃ በገመድ ነው የምመራው። እሳትማ ቁጭ በል ስለው ቁጭ፣ ተነስ ስለው ብድግ ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ ጥጃም እናቱን ያየ ቀን ገመዱን ይበጥሳል። ቆይ እስቲ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ። ዳገቱ ጨረሰኝ።

ትርንጎ፦ ከቀፎዎ እስከዚህ? ፍየል እንኳ አያልባትም።

ጋሽ አውላቸው፦ ፍየል የኔን ዕድሜ ኖራ አታውቅማ። ሳትኖረው ትታረዳለች።

ትርንጎ፦ ልጆቹ እርጥብ ቅርንጫፋቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። እርስዎ ሳይለኩሱ ደግሞ አንጀምርም። ከነፋሱ በታች ያለ ሰው ችቦውን በገዛ እጁ ይለኩሳል፤ ኋላ «አቃጠላችሁኝ» እንዳይል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።

ጋሽ አውላቸው፦ ካወጡት አንዱ አያቴ ነው፤ ለኔ ትነግሪኛለሽ? አያቴ ግን በውርጭ ነበር የሚያቃጥለው። ሣሩ ጤዛ እንደለበሰ፣ እሳቱ እንደ ሽማግሌ እያነከሰ እንዲሄድ። በጥር ሰደድ እሳት ሲመጣ የሚበላው እንዳያገኝ ያረጀውን ሣር ቀስ ብሎ እንዲለቅም። አንቺ ፀሐይ እስኪሞቅ ምን ስትጠብቂ ነበር?

ትርንጎ፦ ልጆቹ ብርድ ፈሩ።

ጋሽ አውላቸው፦ የመንዝ ልጅ ብርድ ፈራ?

ትርንጎ፦ ዘመኑ ነዋ። አሁንማ የመንዝ ልጅ ሚስቱንም ይፈራል።

ጋሽ አውላቸው፦ እሱስ ዱሮም ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ ያ ከቀፎዬ በላይ ያለው መግቻ ነው?

ትርንጎ፦ መግቻ ነው። ሣሩ ታጨደ፣ እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይቆማል። ስፋቱን አይተውታል? በሬ ከነሞፈሩ ያዞራል።

ጋሽ አውላቸው፦ ስፋቱስ ይሁን። ያጨዳችሁት ሣር ግን እዚያው መግቻው ላይ ተጋድሟል። ለምን አልተነሳም?

ትርንጎ፦ እ… ልጆቹ ደከማቸው።

ጋሽ አውላቸው፦ ብርድ ፈሩ፣ ደከማቸው። ቡድን ነው የምትመሪው ወይስ አራስ ቤት?

ትርንጎ፦ አለቃዋ እኔ ነኝ! መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚነሳ እኔ አውቃለሁ።

ጋሽ አውላቸው፦ ሣር ታጭዶ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን ይባላል?

ትርንጎ፦ ሣር።

ጋሽ አውላቸው፦ ድርቆሽ ይባላል፣ የኔ ልጅ። ለእሳት መግቻ ሳይሆን ድልድይ ነው የሠራሽለት። በዚያ ተሻግሮ ቀፎዬን፣ ከዚያ ክምሬን፣ ከዚያ ማድ ቤቴን ነው የሚጎበኘው።

ትርንጎ፦ ፈሩ እንዴ? ፈራሁ ይበሉና ይመለሱ። ደንቡ አይከለክልዎትም። በጥር ሰደድ ሲነሳ ግን በእርስዎ በኩል ቅርንጫፍ ይዞ የሚመጣ አይኖርም። እምቢ ያለ ብቻውን ያጠፋል። ይህም የአያትዎ ደንብ ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ ሁሉንም ዘግተሽ ነዋ የጠራሽኝ። እምቢ ብል ለጥር፣ እሺ ብል ለዛሬ። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ትለኪያለሽ።

ትርንጎ፦ እባብ ያለበት ጉድጓድ መሆኑን ካወቁማ ቤትዎ ነው ማለት ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ አፍሽ ግን ከእሳትሽ ይብሳል። ደግሞ በእናትሽ በኩል፣ ከላይ፣ ያ የገብስ ክምር ካለበት፣ መግቻም አላየሁ፣ የታጨደ ሣርም አላየሁ።

ትርንጎ፦ ለምን ይታጨዳል? ነፋሱ ከተራራው ወደ ታች ነው የሚወርደው። ይኸው ሻሼን አያዩትም? ጫፉ ወደ ቀፎዎ እያመለከተ ነው። በዚህ ወር አንድም ቀን ወደ ላይ ሲነፍስ አላየሁም፤ ሁልጊዜ በውርጭ አቃጥለን ስንገባ እንዲህ ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ በውርጭ አቃጥላችሁ ስትገቡ።

ትርንጎ፦ አዎ። ምን አጠፋሁ?

ጋሽ አውላቸው፦ ምንም። ቃልሽን ነው የደገምኩት። ትርንጎ፣ ይህ ነገር የሣር ብቻ አይመስለኝም።

ትርንጎ፦ የምን ይመስልዎታል ታዲያ?

ጋሽ አውላቸው፦ የወንድምሽ፣ የላቀው።

ትርንጎ፦ የወንድሜን ስም አይጥሩት! እርስዎ አይደሉም ክርስትና ያነሱት? ማተቡን ያሰሩለት? ካቻምና ሰደዱ የማኅበሩን ሣር ሲበላ፣ በጽዱ ሥር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ማን ለኮሰው?» ሲባል፣ ማን ነው ከዘራውን ቀስሮ «ላቀው ነው፣ ማር ሲቆርጥ» ያለው?

ጋሽ አውላቸው፦ እኔ ነኝ። ጭሱ በእሱ ቀፎ በኩል ሲነሳ አየሁ። ያየሁትን ተናገርኩ።

ትርንጎ፦ እሱ እኮ ወፍጮ ቤት ነበር! እኔው ነኝ እህሉን ያሸከምኩት! ጮህኩ፣ ማን ሰማኝ? «ከስድስተኛ ክፍል የወጣች ኮረዳ ምን ታውቃለች» ብላችሁ ሳቃችሁ። ከዚያ ለእነዚህ ቤት ከማንም ምድጃ እሳት እንዳይጫር ተባለ።

ጋሽ አውላቸው፦ እሱን እኔ ብቻዬን አላልኩም።

ትርንጎ፦ በሩን ግን ብቻዎን ነው የዘጉት! እናቴ ክብሪት ያጣች ቀን ገሏን ይዛ ደጅዎ ድረስ መጣች። አንዲት ፍም! «የክርስትና ልጅህ እናት ነኝ» ብላ ለመነችዎት። ከውስጥ ሳል ተሰማ እንጂ በሩ አልተከፈተም። የዚያን ዕለት ገብሱን ጥሬውን ቆረጠምን። ሳልዎትን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ገበያ መሐል ብሰማው ዞር ሳልል እለየዋለሁ።

ጋሽ አውላቸው፦ …ጥርስሽ ጠንካራ ነው።

ትርንጎ፦ ይቀልዱ! ላቀው እፍረቱን መሸከም አቅቶት መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ይሙት ይኑር የሚነግረን የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሳት የከለከላችኋት ልጅ ይኸው ዛሬ እሳት አዳይ ሆነች። ስለወደዳችሁኝ መስሎዎት ነው? አምና ሰደዱ ሲመለስ ጎረምሶቹ ሁሉ ወደ ቤተክርስቲያን ሲሮጡ እኔ ብቻ ወደ እሳቱ ስለሮጥኩ ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ አይቼሻለሁ። ቅንድብሽ ተቃጥሎ ዶሮ መስለሽ ነበር።

ትርንጎ፦ በቅሎልኛል። አሁን ይለኩሱ።

ጋሽ አውላቸው፦ ቆይ። አንድ ነገር ልበልሽ። ጭሱን አየሁ እንጂ እጁን አላየሁም።

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ጋሽ አውላቸው፦ የሰማሽውን።

ትርንጎ፦ ይድገሙት!

ጋሽ አውላቸው፦ ጭስ አየሁ፣ እጅ አላየሁም። የላቀውም ይሁን የሌላ እረኛ አላውቅም። ስድስት ቀፎ ተቃጥሎብኝ ስለነበር ልቤ ስም ፈለገ፤ አፌ ያገኘውን አቀበለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጽዱ ሥር ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፤ እናትሽ ባለችበት። አንቺ ልጆቹን ጥሪና ያን ድርቆሽ ከመግቻው ላይ አስነሺ። ነገ በውርጭ እለኩስልሻለሁ።

ትርንጎ፦ እሑድ!

ጋሽ አውላቸው፦ እሑድ። በማተቤ።

ትርንጎ፦ እሑድ! ወንድሜ ጨርቁን ቋጥሮ ሲወጣ ያልተከፈተ አፍ፣ ለቀፎው ሲሆን ተከፈተ! ቀፎው ባይኖር እኮ ላቀው እስከ ዕለተ ምጽአት እሳት ለኳሽ እንደተባለ ይቀር ነበር።

ጋሽ አውላቸው፦ በምን ምክንያት ተከፈተ አትበይ። ተከፍቷል፣ ግቢበት። ወንድምሽ ስሙ ታጥቦ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ትርንጎ፦ ምን እንደምፈልግ ልንገርህ? ልንገርህ፣ አንተ ሽማግሌ? አንተም በጠዋት ተነስተህ የቀፎህን አመድ በእጅህ እንድትዝቅ! ሚስትህ ገል ይዛ እናቴ ደጅ እንድትቆም! እናቴ ከውስጥ እንድትስል! ያን ጊዜ እሑድህን አምጣ።

ጋሽ አውላቸው፦ «እርስዎ» የት ሄዱ?

ትርንጎ፦ ተቃጠሉ!

ጋሽ አውላቸው፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። እኔን ሳሌ አጋለጠኝ፣ አንቺን ቂምሽ። ልጆቹ ሁሉ ሰሙሽ።

ትርንጎ፦ ይስሙ! የሚለኩሰው የአንተ እጅ ነው እንጂ የእኔ አይደል። «በገዛ እጁ አቃጠለ» ነው የሚባለው። እንካ ችቦውን፣ ያዝ!

ጋሽ አውላቸው፦ እስቲ ዝም በይ።

ትርንጎ፦ ዝም አልልም!

ጋሽ አውላቸው፦ ዝም በይና ስሚ።

ትርንጎ፦ ምን ልስማ? ምንም የለም።

ጋሽ አውላቸው፦ እሱን ነው የምልሽ። ምንም የለም። ሣሩ ማፏጨቱን ተወ።

ትርንጎ፦ ደግሞ በሣር ፉጨት ሊያዘናጋኝ! ከተቀመጥክ ጀምሮ ትንፋሼን፣ አያቴን፣ ድርቆሹን ትላለህ። እኔን እንደ ሕፃን በወሬ ልታስተኛኝ ነው?

ጋሽ አውላቸው፦ ማስተኛቴስ እውነት ነው። ብቻ አንቺን አይደለም፤ ጊዜውን ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቀፎ ሥር የምውል ሰው ነኝ። ንቦቼ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ለመውጣት ክንፋቸው እስኪዝል ይታገላሉ። ፀሐይዋ ይችን ድንጋይ ስታሞቅ ግን ክንፋቸውን ዘርግተው ዝም ይላሉ፤ የሚያወጣቸው ሌላ ነው። አሁን ድንጋይዋ መቀመጫዬን እያሞቀችው ነው።

ትርንጎ፦ የመቀመጫህን ወሬ ለሚስትህ አውራ! እኔ… ቱ! ቱ! ይሄ ሻሽ ደግሞ! ምን ሆኖ ነው ፊቴ ላይ…

ጋሽ አውላቸው፦ ምን ሆነ?

ትርንጎ፦ ምንም። ዞረብኝ።

ጋሽ አውላቸው፦ ሻሹ ነው የዞረው?

ትርንጎ፦ …ልጆች! ማንም ችቦ እንዳይለኩስ! ቁሙ! ማንም! …ጋሽ አውላቸው፣ ይህ ነፋስ… ይመለሳል አይደል? ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል?

ጋሽ አውላቸው፦ ይመለሳል። ማታ፣ ውርጩ ሲወርድ።

ትርንጎ፦ የእናቴ ገብስ እኮ… ዓመት ሙሉ የምንበላው እሱ ነው። በዚያ በኩል አንዲት ሣር አላጨድንም።

ጋሽ አውላቸው፦ «ለምን ይታጨዳል» ብለሽኝ የለ?

ትርንጎ፦ በቃ ይቅር። ዛሬ ይቅር፣ ጋሼ። ነገ በውርጭ እንገናኝ። ድርቆሹንም አስነሳለሁ። እሑድ ያሉትም… እሑድ እንዳሉት ይሁን፣ እ?

ጋሽ አውላቸው፦ «ጋሼ» ተመለሰች! እሳቱ ውስጥ ገብታ የሞተች መስሎኝ።

ትርንጎ፦ አይሳቁብኝ! ልጆቹ እያዩን ነው።

ጋሽ አውላቸው፦ የእሑዱን ነገር እሑድ እናየዋለን፤ ቅድም አመድ ነው የፈለግሽው። ለጊዜው ግን ደንቡን አንቺው አስታውሰሽኛል፦ ከነፋሱ በታች ያለ ሰው በገዛ እጁ ይለኩሳል። በይ፣ ነፋስ መሪዋ፣ ሻሽሽን ከአፍሽ አውጪና ችቦሽን ያዢ፤ ከነፋሱ በታች ያለሽው አንቺ ነሽ።