ሁለት ጊዜ የተቃጠለው ሞተር

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዤ ወደ ሰፈራችን አናጢ ብሄድ፣ ሽማግሌው ፊታቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። የእንጨት መላጊያ ማሽናቸው ሞተር በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። የውስጥ ሽቦው እንደገና ተጠምጥሞ ከመጣ ሳምንት ሳይሞላው አሁንም ያቃስታል። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ቆማለች፤ ተምራ የኤሌክትሪክ ሥራ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን!» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት እንደ ወንድሜ ያመንኩት ሞተር ጠምጣሚ አታለለኝ። ትናንት በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። ከእንግዲህ ደጄን አይረግጥም!»

«አጎቴ፣ ጥፋቱ የእሳቸው አይመስለኝም» አለች ልጅቱ ረጋ ብላ። «የገመዱ ነው። ከበሩ ቆጣሪ እስከዚህ ስልሳ ሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን ለአምፖል ብቻ የሚበቃ ነው።»

«ገመድ ገመድ ነው! መብራቱም ይበራል፣ ሞተሩም ይዞራል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድብኝም በትልቅ ቀይሬዋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

ልጅቱ ደነገጠች። «ብሬከሩ እኮ ኃይል ሲበዛ የሚቆርጠው ገመዱን ለመጠበቅ ነው! እሱን አሳድገው ገመዱን ቀጭን ከተዉት፣ ቀድሞ የሚቀልጠው ገመዱ ነው።»

ወለሉን አየሁ። የእንጨት ፍቅፋቂው ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ነበር፤ ለእሳት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

መለኪያዋን አውጥታ ቆጣሪው ዘንድ ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። አጎቷ ወፍራም ጣውላ እየላጉ ሞተሩ ዘንድ ስትለካ ግን መቶ ሰማንያ ሁለት ሆነ።

«የቀረውስ የት ገባ?» አሉ።

«ገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ላስቲኩን ይዳስሱት።»

ዳሰሱና እጃቸውን መለስ አደረጉ።

«ሞተሩ ቮልቱ ሲያንሰው ሥራውን ለመወጣት የበለጠ ይስባል፤ አብዝቶ ሲስብ ይግላል፤ ጥምጥሙም ይቃጠላል። አጎቴ፣ የመደርደሪያ ጣውላ ሲመርጡ ምን ያያሉ?»

«የሚሸከመውን ዕቃና ርዝመቱን ነዋ! ረጅም ሆኖ ዕቃው ከከበደ ቀጭኑ ይጎብጣል።»

«ገመድም የሚመረጠው እንደዚሁ ነው፤ ስንት አምፒር ይሸከማል፣ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ።»

ሽማግሌው ማሽኑን አጠፉና ወደ ደጁ ተመለከቱ። በማስተማር ዘመኔ እንዳየሁት፣ ሰው አዲስ ነገር መማር ብዙም አይከብደውም፤ የሚከብደው አስቀድሞ የፈረደውን መመለስ ነው። እሳቸውንም የከበዳቸው የገመዱ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

«እንግዲያው በከንቱ ነው የሰደብኩት» አሉ በመጨረሻ።

ሰኞ ልጅቱ መብራቱን ከዋናው አጥፍታ ባለ ስድስት ስኩዌር ወፍራም ገመድ ዘረጋች፤ ብሬከሩንም በልኩ ቀየረች። መላጊያው ማቃሰቱን ተወ። በሥራ ላይ ሲለካ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቮልት ደረሰው፤ ገመዱም ቀዝቃዛ ነበር። «አሮጌውን ለልብስ ማስጫ ውሰጂው» ብለው አጎቷ ሳቁ።

ከዚያ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝና ወደ ጠምጣሚው ሱቅ ሄድን። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። እኔ እስኪወጡ እንጠብቅ ብል እሳቸው እንቢ አሉ።

«በሰው ፊት ሰድቤሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ። ሞተሩን ያቃጠለው ስልሳ ሜትር ቀጭን ገመዴ ነው።»

ጠምጣሚው ከሥራ በርጩማቸው ተነሡ። በርጩማውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርገው «ተቀመጥ» አሏቸው። «ስልሳ ሜትር ነው አልክ? እኔም አልጠየቅኩህም እኮ።»

ዛሬ የተቃጠለ ሞተር ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ጠምጣሚው ሞተሩን ከመፍታታቸው በፊት የገመዱን ርዝመትና ውፍረት ይጠይቁታል። ሁለተኛ የሚመለስ ሞተር ቀንሷል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም እንደ ድሮው ይጠያየቃሉ።