አወጣጡን ያሳዩኝ ላለችኝ ሐኪም

ብዕሩን የያዘችው የኦፕራሲዮን ክፍሏ ነርስ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሽቦ ስቆጥር ግን ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። እሷ ቀብሩ ላይ ስታነብላችሁ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። የሚቆጣ ካለ በእኔ ይቆጣ።

የተከበሩ፣ ልጄ የምላት የሐኪሟ እናት፤ የተከበርክ ባለቤቷ፤ የተከበራችሁ ሐኪሞች፤ የተከበሩ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፤ ከኋላ የቆማችሁ፣ እሷ ያዳነቻችሁ ሰዎች፤ ሁላችሁንም እግዜር ያጽናችሁ። እኔን ግን ማን ያጽናኝ?

ማክሰኞ እኮ ነበረች! ማክሰኞ የሱቄን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እጇ ከቦርሳና ከወረቀት ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ሁልጊዜ በትከሻዋ ነው የምትከፍተው። «አባባ፣ ይህን በር መቼ ነው ዘይት የሚያጠጡት?» አለችኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። በመካከሉ አንድ ረቡዕ ብቻ ነው ያለው። አንድ ረቡዕ ይህን የሚያህል ሰው ይውጣል?

ለኦፕራሲዮን እጇን ስትታጠብ ወደቀች አሉኝ። ውኃው እየፈሰሰ። ልብ ነው አሉ። የአርባ አንድ ዓመት ልብ! የእኔ የሰባ ስምንቱ እያንኳኳ አለ። ይህ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? አይገባኝም። የሚገባው ካለ ከዚህ ስንወጣ ይንገረኝ።

እኔ ሽቦ ጎንጓኝ ነኝ። የማሽን ቱቦ ግፊት ሲበዛበት እንዳይፈነዳ የሽቦ ልብስ አለብሰዋለሁ። አንድ ቀን ይህች ሴት መጣች። ከመሬት አንድ ጉንጉን አነሳች። ጫፍና ጫፉን ስትጎትተው ቀጠነ። ስትገፋው ሰፋ። ደግሞ ጎተተች፤ ደግሞ ገፋች። እንደ ሕፃን።

«አባባ፣ ይህ ነገር ሰው ውስጥ ይገባል?»

«አብደሻል እንዴ? ይህ የጭነት መኪና ቱቦ ልብስ ነው!»

«እንደ ስንደዶ አቅጥነው ቢሠሩትስ?»

«እኔ ያልሠራሁት ቀጭን ነገር የለም» አልኳት። ወንድ ልጅ አፉ አያርፍም።

የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው እዚህ አይጠፋም፤ ስቃዩን እሱ ያውቀዋል። ጠጠሩ ሲተልቅ በጀርባ በኩል በስተው ነው የሚያወጡት። መጀመሪያ ቀጭን ቱቦ፣ በላዩ ወፈር ያለ፣ በላዩ የባሰ ወፍራም። እንዲህ እየገፉ መንገድ ያሰፋሉ። በየግፊቱ ሥጋ ይቆስላል። እሷ ይህ አንገበገባት። ቀጥኖ ገብቶ፣ እዚያው ውስጥ ሰፍቶ፣ ጠጠሩን በሆዱ አሳልፎ፣ እንደገና ቀጥኖ የሚወጣ አንድ ነገር ፈለገች። አምስት ዓመት በእኔ ጣትና በእሷ ጭንቅላት ስንፈልገው ኖርን።

አንድ ጊዜ የበሰለ ፓፓያ ይዛ መጣች። በስታ ጠጠር ከተተችበት። «ይህ ኩላሊት ነው» አለች። «ይህ ቁርስ ነው» አልኳት። ጠጠሩን በጉንጉኔ አወጣችውና በደስታ ጮኸች፤ ጎረቤቴ አናጢው መዶሻ ይዞ ሮጦ መጣ። ፓፓያውን ሦስታችን በላነው። ጠጠሩን ኪሷ ከተተችው።

አንድ ሕግ ነበራት። አዲስ ጉንጉን በሰጠኋት ቁጥር፣ «አገባቡን አልጠይቅዎትም፣ አወጣጡን ያሳዩኝ» ትለኝ ነበር። መቶ ጊዜ ከፍቼ መቶ ጊዜ ካልዘጋሁት አትወስደውም። አንድ ቀን ብቻ ሕጓን ተወች። ያስተውኳት እኔ ነኝ።

ጻፊው አንቺ ልጅ። ምን ታዪኛለሽ?

ከስምንት ወር በፊት፣ ገምጋሚዎቹ ሥራዋን በሚያዩበት ቀን ዋዜማ፣ ጉንጉኑን ሰጠኋት። እንደ ልማዷ «አወጣጡን ያሳዩኝ» አለች። እኔም ተቆጣሁ። «ዛሬም የእኔን እጅ ትጠራጠሪያለሽ? እጄ አይስትም!» አልኳት። አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ አባባ» ብላ ወሰደችው። አክብራኝ ነው። ሽበቴን አክብራ ነው።

በማግስቱ እነዚህ ጌቶች ፊት የበሬ ኩላሊት ላይ ሞከረችው። ገባ። ሰፋ። አልዘጋ አለ። ሲጎተት ኩላሊቱን ቀደደው። ክቡር ሰብሳቢ፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ረስተውታል? እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እሷ «የእኔ ነው» አለች። እናንተም ሐሳቡ የማይሆን ነው ብላችሁ ሥራውን አገዳችሁ። እኔም ዝም አልኩ። ስምንት ወር ዝም አልኩ!

ማክሰኞ ያንን ጉንጉን ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «አባባ፣ እስቲ መጠላለፊያውን በጣትዎ ይቁጠሩልኝ።» ዓይኔ ደክሟል፤ ጣቴ ግን ያያል። ቆጠርኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። በላይ ማለፍ ያለበት ሽቦ በታች አልፏል። ምላስ የወለቀ ጥርስ ቦታ እንደሚመላለስ፣ ጣቴ እዚያው ተመላለሰ። ስጎነጉነውም አውቄው ነበር። መፍታቱ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ «ተሳሳትኩ» ማለት ግን የሃምሳ ዓመት ስም ነው። ስሜን መረጥኩ።

«ምንም የለውም» አልኳት።

አልተቆጣችም። «እሺ አባባ። እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ሐሙስ እመለሳለሁ» አለች። በትከሻዋ በሩን ገፍታ ወጣች። እኔም ሐሙስ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

እዚህ ላይ ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ እሷ እኮ ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ግምገማው በተደረገ በሳምንቱ በማይክሮስኮፕ አይታዋለች። ለምን አትናገሪም ብንላት፣ አባባ ራሳቸው ይነግሩኛል አለችን።»

ይህንንም ጻፊው። አትሰርዢው። ለካ የመጣችው ልትቆጥር አልነበረም። ለካ በሩን ልትከፍትልኝ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የእኔን ጥፋት ተሸክማ፣ ሥራዋ ታግዶ፣ እኔ እንድወጣ ጠበቀችኝ። የእናትሽ አምላክ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበርሽ? እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ክቡር ሰብሳቢ፣ ጉንጉኑ እጄ ላይ ነው። ይቀበሉኝ። መነጽርዎን ያድርጉና ጫፉ ላይ ካሰርኩት ቀይ ክር ጀምረው ይቁጠሩ፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ ያገኙኛል። ሐሳቡ አልተሳሳተም። እሷ አልተሳሳተችም። የሳተው የእኔ እጅ ነው። እሷ አፈር ትለብሳለች፤ ሥራዋን ግን አብራችሁ አትቅበሩት! ሌላ እጎነጉናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስጎነጉን ሌላ ሰው ይቆጥራል። ይህን ከአፌ ሳወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ምስክር ሁኑኝ።

ልጄ፣ ሐሙስ እመለሳለሁ ብለሽ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። አንቺ ስትቀሪ እኔ መጣሁ። ዘግይቼ ነው፤ ይቅር በይኝ። በሩን ዘይት አጠጣዋለሁ። ደህና ሁኚ፣ የእኔ ደፋር።

በይ አንቺ ልጅ፣ እንባሽን ጥረጊና ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። «ምንም የለውም» ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እንዳታልፊያት፤ ጣቴ ባይሆን ጆሮዬ ይቆጥራል።