ከባሕር ማዶ የተጻፈው «የቡሬ ድምፅ»

በየካቲት ወር በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ስለ ጡረታዬ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ውዬ ወደ ቡሬ ለመመለስ ከመናኸሪያው ደረስሁ። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የተቀመጡትን ሰው ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ደብር ሠላሳ ስምንት ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ። እኔም በመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ቃል የሚያጥፍ ሰው አልወድም። እርሳቸውም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ እንግባባለን፤ ስለዚህም ዘወትር እንከራከራለን።

ተራ አስከባሪው ከውጭ «ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ከውስጥ ሰባት መቀመጫ ባዶ ነበር።

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ተነሥታ እጅ ነሣችን። የወፍጮ ቤቱ የሸጋዬ ልጅ ያምሮት ናት፤ እኔ አስተምሬአታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አሁን ባሕር ዳር፣ በስልክ የሚዛመተውን ወሬ በሚያጣራ አንድ ማኅበር ትሠራለች።

«የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለች ወደ መሪጌታ ዞራ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ የሸጋዬ ልጅ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«እርስዎን ፍለጋ ነው የመጣሁ። ደብርዎ ድረስ ልሄድ ነበር፤ እግዚአብሔር መንገዱን አሳጠረልኝ። ባለፈው እሑድ የተናገሩት ቃል ባሕር ዳር ደርሷል።»

«ቃሌ ባሕር ዳር መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ መሪጌታ ጥምጥማቸውን እያቀኑ።

አንባቢዬ ነገሩን እንዲረዳው ላስረዳ። በአገራችን ከቅዳሴ በኋላ ከዐውደ ምሕረቱ የተነገረ ማስታወቂያ አይጠየቅም። በሬ ጠፋ ቢባል ሁሉም ይፈልጋል፤ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ዕንጨት አምጡ ቢባል ሁሉም ይሸከማል። መሪጌታም ባለፈው እሑድ ከዚያ ቆመው፣ «የምርጫ ካርድ ለመውሰድ የሚፈርም ሰው የመሬት ይዞታ ደብተሩን አሳልፎ መስጠቱ ነውና ተጠንቀቁ» ብለው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ከደብሪቱ ሰው አንድም ወደ ምዝገባ ጣቢያ አልሄደም። ምዝገባው የሚዘጋው በዐሥራ ሦስት፣ ማለት በሁለት ቀን ነው።

«ወሬውን ከየት አገኙት የኔታ?» አለች ያምሮት።

«ወሬ አትበይ። "የቡሬ ድምፅ" ከሚባለው ገጽ በዓይኔ ያነበብሁት ነው። ጸሐፊው ዲያቆን ነው፤ ነጠላውን አጣፍቶ የተነሣውን ሥዕሉንም አይቻለሁ።»

«ቡሬ ውስጥ ይህን ዲያቆን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ዲያቆን ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ መሰለሽ?»

ልጅቱ ስልኳን አወጣች። ገጹን ከፈተች፤ ከዚያ አንድ ቦታ፣ ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ ተጫነችና ለመሪጌታ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ገጹ ከአምስት ወር በፊት በሌላ ቋንቋ ስም የተከፈተ የጫማ መሸጫ ነበር። አሁን የሚያስተዳድሩት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ከስድስቱ አንድም ኢትዮጵያ ውስጥ የለም።

«ይህን ማን ጻፈው? ማኅበራችሁ ነው?»

«የለም፣ ገጾቹን ሁሉ የሚያስተናግደው ኩባንያ ራሱ ነው። አሁን ደግሞ ይችን ይመልከቱ። "የምዝገባ ጣቢያዎች ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ይከፈታሉ" ይላል።»

«ጠዋት ስምንት ሰዓት ብሎ ነገር ምንድር ነው? ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነዋ!» አሉና ጽሑፉን ከመጀመሪያው እንደ ገና ማንበብ ያዙ።

የተማሪን ስሕተት ከግቢው ማዶ ሰምተው የሚያርሙ ሰው ይህን አልፈውት ነበር። ለምን ቢሉ፣ ከዚያ በፊት «መሬት» የሚለውን ቃል አይተዋል። የፈራ ሰው አንብቦ አይጨርስም።

ቢሆንም መሪጌታ በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። «ይሁን፤ ባዕድ ጽፎታል እንበል። ከባሕር ማዶ ያለ ሰው በእኔ ደብር ምርጫ ምን ይጠቀማል? ጤፋችንን ሊያጭድልን ነው?»

«ማን ይመረጥ ማን ግድ ላይሰጠው ይችላል የኔታ። እርሱ የሚሻው እኛ አንዳችን ሌላችንን እንዳናምን ነው። የማይተማመን አገር ለገዢውም ለሻጩም ይመቻል። ኩባንያውም ይህን እያወቀ መተዉ ጥፋት ነው።»

«ደግሞስ ኩባንያውን ለምን ትከሺዋለሽ? ይህን ሰውዬ ስሚው።» በመቋሚያቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። «"አንድ ሰው የቀረው" እያለ ካስቀመጠን ሰዓት አለፈ። ታዲያ ሐሰት ተነገረበት ተብሎ መናኸሪያው ይታሰር?»

በሚኒባሱ ያለነው ሁሉ ሳቅን። ያምሮትም ሳቀች፤ ነገር ግን መልሱ አልጠፋትም።

«የኔታ፣ ይህን ሰውዬ ፊቱን እናያለን፤ መቀመጫውን ቆጥረን እንሰድበዋለን። መናኸሪያውም ጩኸቱን አልጨመረለትም። ኩባንያው ግን ከሺህ ሰው ቃል ይህኛውን መርጦ፣ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ያነባል ብሎ፣ በየሰዉ እጅ ያደርሰዋል። ለማሠራጫውም ዋጋ ይቀበላል። ተናጋሪው ከየት እንደሚናገርም ያውቃል። አውቆ ከሦስት በር ኋላ ይጽፈዋል።»

«አዋጅ በጓዳ!» አሉ መሪጌታ ሳይፈልጉት።

ይሁን እንጂ ወዲያው ቀና አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ዛሬ የባዕዱን ሐሰት ያጠፋ እጅ ነገ የእኔን እውነት ያጠፋል። በአገሬ ክርክር ላይ የፈረንጅ ኩባንያ ዳኛ ልትሾሚ ነው?»

እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ «ይህስ ረታት» ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን አልተረታችም።

«የሰውን ቃል ያጥፉ አላልሁም፤ የተናጋሪውን ፊት ይግለጡ ነው ያልሁ። የቡሬ ሰው መንግሥትንም ተቃዋሚንም እንደ ልቡ ይውቀስ፤ ቢሳሳትም የቤቱ ክርክር ነው። ባሕር ማዶ ተቀምጦ "የቡሬ ዲያቆን ነኝ" የሚለው ግን ተከራካሪ አይደለም፤ የሰው ልብስ ሰርቆ ነው የገባ። የኔታ፣ በአባትዎ ዘመን ጎተራ ሲቃጠል አውጫጭኝ ይወጡ አልነበረም?»

«እንዴታ! አገሩ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየ ሰው ያየውን እስኪናገር ማንም ወደ ቤቱ አይገባም።»

«አይቶ የደበቀስ?»

«ከአቃጣዩ ጋራ ይከፍላል። ያየ ዝም ሲል ጎተራው ሁለት ጊዜ ይቃጠላል።» ይህን ሲሉ የራሳቸው ቃል የራሳቸውን ክርክር እንደ ረታ ታወቃቸው። «ስለዚህ ኩባንያው ያየ ሰው ነው» አሉ።

«ያየ ሰው ነው። ግን ዓይኑ በአማርኛ ደካማ ነው። ለታላላቆቹ ቋንቋዎች ብዙ አጣሪ ቀጥሯል፤ ለእኛ ጥቂት። ስለዚህ ገጽ ከጻፍንለት ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ መልስ የለም። የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው ቢኖረው ኖሮ የጠዋት ስምንት ሰዓትን አይቶ በዕለቱ ይይዘው ነበር።»

«እስኪመልስስ?»

«እስኪመልስ ድረስ እርስዎ አሉ የኔታ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ሰው ይሰበሰባል።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ፤ መሪጌታ እስከ ቡሬ መቋሚያቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ሄዱ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ከዐውደ ምሕረቱ የተናገሩትን አንድ ቀን እንኳ መልሰው አያውቁም። ዝም ቢሉ ክብራቸው አይነካም፤ የደብሪቱ ሰው ግን ድምፁን ያጣል። ዝም ካላሉ ደግሞ ክብራቸው ይወድቃል። ይህን ሁሉ በፊታቸው ላይ አነበብሁት።

በማግሥቱ እኔም ከደብሪቱ ሄድሁ። ቅዳሴ ተፈጸመ፤ መሪጌታ ከዐውደ ምሕረቱ ቆሙ።

«ባለፈው እሑድ ስለ ምርጫ ካርድ የነገርኋችሁ ሐሰት ነው። የጻፈው ባዕድ ነው፤ ከዚህ ቦታ ያሰማሁላችሁ እኔ ነኝ። ማን እንደ ጻፈው ሳልጠይቅ አምኜ ነበርና ይቅር በሉኝ።»

ሦስት ልጆች ያደረሱት ገበሬ፣ አያ ክንዱ፣ ከዋርካው ሥር ተነሡ።

«የኔታ፣ ያን ጊዜም ከዚያው ቆመው ነው የነገሩን። ዛሬስ በምን እንመንዎ?»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ፤ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«አትመነኝ» አሉ። «ጠይቀኝ።»

አያ ክንዱም ጠየቁ። ሌላውም ጠየቀ። ጸሐፊው የት አለ? የሚፈረመውን ወረቀት በዓይኑ ያየ አለ? መሪጌታ የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትንም «አላውቅም» አሉ። ያን ቃል ከእርሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በመጨረሻ አምለሰት የተባለች፣ ጥሩ አድርጋ የምታነብ ወይዘሮ፣ ከአያ ክንዱ ጋራ ወደ ጣቢያው ሄዳ ወረቀቱን እንድታነብ ተላከች። ተመልሳም ስለ መሬት አንድ ቃል እንደሌለበት ተናገረች። ምዝገባው እስኪዘጋ መቶ አርባ ያህል ሰው ካርዱን ወሰደ። ሩቅ ጎጥ ያሉት፣ ወሬው በጊዜ ያልደረሳቸው፣ ቀሩ።

ኩባንያው በየካቲት ዐሥራ ስምንተኛው ቀን ከገጹ ግንባር «ከኢትዮጵያ ውጭ የሚተዳደር» ብሎ ጻፈበት። መልካም ሠራ፤ ዘገየ እንጂ። መሪጌታ ይህን ሰምተው ደብዳቤ አጻፉለት። ስልክ ማኅተም አይቀበልም ቢባሉም የደብሪቱን ማኅተም ካላሳረፍሁ ብለው ወረቀቱን ፎቶ አስነሥተው ላኩት። ቃሉ አጭር ነበር፤ «ከየት እንደሚናገር ያወቃችሁትን፣ ሰው ከመወሰኑ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ውሳኔውን ለእኛ ተዉልን» ይላል።

እኔም ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። ኩባንያ የተናጋሪውን አገር በግልጽ ቢያሳይ፣ በሰው ስም የሚነግደውን ቢያስወጣ፣ በምርጫ ሰሞን ከባዕድ የማሠራጫ ዋጋ ባይቀበል፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው ቢቀጥር፣ ገበሬው መሬቱንም ድምፁንም ሳይፈራ ይይዛል፤ ጎረቤትም በጎረቤቱ አይጠራጠርም። ኩባንያው እንቅልፍ ቢወስደው ግን ጠያቂ ሕዝብ ያስፈልጋል። በዚያች ደብር ዛሬ በሬ ጠፋ ሲባል እንኳ «ከማን ሰማችሁ?» የሚል አይጠፋም። መሪጌታ በዚህ ይቆጣሉ፤ ግን ቆመው ይመልሳሉ።