አቧራ እንዳይገባበት

በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ትናንት እሳት በተነሣበት ፔንሲዮን ላይኛው ኮሪደር፣ ባለቤቷ እትዬ ዘርፌ መሰላል ደግፋ፣ ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ ምናሴ፣ ስዊድን ተምሮ በቅርቡ የተመለሰው፣ የጠቆረውን ኮርኒስ አንጋጦ።

ምናሴ፦ ሆስፒታል የተኙት እንግዳሽ መምህር ዳምጤ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ያ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ለምን አልጮኸም?» ቢሉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ዘርፌ፦ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይግለጡ። አሁን ውጣ። መርማሪዎቹ ከምሳ በኋላ እንመጣለን ብለዋል።

ምናሴ፦ ወጥቼ ምን ላድርግ? በአፍሽ በይው እስቲ።

ዘርፌ፦ ስንቴ ልንገርህ? እነዚያን የጠቋሚዎቹን ቢጫ ክዳኖች ታነሣልኛለህ። የእኔ ጉልበት መሰላል አይወጣም። ሠራተኞቹን ባዝ ደግሞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

ምናሴ፦ ክዳኖቹ መነሣት የነበረባቸው ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ያለቀ ዕለት ነው። ለቀለሙና ለአቧራው ተብሎ ተሸፍነው ይመጣሉ እንጂ ተሸፍነው ሊኖሩ አይደለም። ጭሱ በምን በኩል ይግባላቸው?

ዘርፌ፦ እሱን ለተማሪ አስተምር። እሳቱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ እንዴ? ያ ስድስት ቁጥር ያደረው ነጋዴ ነው። መብራት ሲጠፋበት ምድጃውን ሳይነቅል ወጥቶ ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ፍራሹን ያዘው። ሂድና እሱ ላይ ጩህ።

ምናሴ፦ እሱን የሚጠይቀው አያጣም። ፍራሽ ግን ወዲያው አይነድም፤ ብዙ ይጨሳል መጀመሪያ። ያኔ ቢጮህ መምህር በእግራቸው ይወርዱ ነበር። የወረዱት በጎረቤታችን በጸጉር አስተካካዩ ጀርባ ነው፣ ራሳቸውን ስተው።

ዘርፌ፦ ስዊድን ቢሆን ኖሮ አይደርስም ነበር በለኛ።

ምናሴ፦ አላልኩም። እዚያም ዓሣ ስንጠብስ ጮኸብን ብለው ባትሪውን አውልቀው የሚተኙ ሞልተዋል። በእነሱ ስስቅ ኖሬ የራሴ ቤት ጠበቀኝ።

ዘርፌ፦ የከተማው ደንብ ግጠሚ አለኝ፣ ገጠምኩ። ለመኝታ ቤትና ለኮሪደር የጭስ፣ ለወጥ ቤት የሙቀት። የሚቆጣጠረውም ሰውዬ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ቀና እያለ ቆጠረና «ጎበዝ እናት» ብሎኝ ሄደ። እሱ ያላየውን አንተ አየህ?

ምናሴ፦ ደንቡ የሚፈልገው ጭስ ሲመጣ ሰው እንዲነቃ ነው። ኮርኒስ እንዲያምር ደንብ አይወጣም።

ዘርፌ፦ አዲስ ዕቃ ነበር።

ምናሴ፦ ምን አልሽ?

ዘርፌ፦ አዲስ ዕቃ ነበር አልኩህ። ከዚህ መንገድ የሚነሣውን አቧራ አታየውም? መስኮት በተከፈተ ቁጥር አልጋው ላይ ስሜን መጻፍ እችላለሁ። ያን የመሰለ ነጭ ዕቃ በወሩ እንዲበልዝ ነው የምፈልገው?

ምናሴ፦ እንደ ሳሎኑ ሶፋ። እኔ እኮ በልጅነቴ ጭኔ ከላስቲኩ ጋር እየተጣበቀ ነው ያደግኩት። የሪሞቱም ፌስታል ቁጥሩ እስኪጠፋ አልወጣም። ጋሼ ሞቶ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲመጣ እንኳ ሶፋው አልተገለጠም። ለማን ነው የምታስቀምጪው?

ዘርፌ፦ የሞተ ባሌን አታንሣብኝ።

ምናሴ፦ እሺ፣ ተውኩት። ክዳኑን ሳያነሣ የቀረው ማን ነው?

ዘርፌ፦ በድሉ ነዋ። ኤሌክትሪሻን ተብሎ፣ ገጠመና ረስቶት ሄደ።

ምናሴ፦ በድሉ ረሳ? ወጥ ቤቱም የጭስ ይሁንልኝ፣ መልካቸው ይመሳሰል ስትይው፣ «በርበሬ በተቆላ ቁጥር ሊጮህብሽ ነው፣ ደንቡም የሙቀት ነው የሚለው» ብሎ የተሟገተሽ ሰው? ራስሽ ነሽ በስልክ እየሳቅሽ የነገርሽኝ።

ዘርፌ፦ እሱማ ግትር ነው። ተው ሲሉት አይሰማም። ቀለሙ እንዳለቀ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ይቆይ፣ የጽዳቱ ሥራ ይለቅና ያኔ ይገለጣል አልኩት። ሄደ። ሰንበት ብሎ ደግሞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሊቆጣኝ ሁሉ…

ምናሴ፦ ቀጥዪ።

ዘርፌ፦ ምኑን ልቀጥል?

ምናሴ፦ ሊያነሣ መጥቶ ከበር መለስሽው።

ዘርፌ፦ በእኔ ቤት እኔ አላዝም?

ምናሴ፦ አሁን ደግሞ እኔ ክዳኑን ሳነሣልሽ፣ መርማሪዎቹ ሲያዩት ዕቃው ተከፍቶ ሳለ ዝም ያለ ይመስላቸዋል። ጥፋቱ የገጠመው ሰው ይሆናል።

ዘርፌ፦ እሱ ወጣት ነው፣ እጁ ላይ ሙያ አለው። አንድ ቀን ይወጣዋል። እኔ ይህ ቤት ከተዘጋብኝ የት ልግባ? አንተስ የተማርከው ከየት በመጣ ነው?

ምናሴ፦ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ይህቺን ነበር የምጠብቀው።

ዘርፌ፦ ትምጣ። እናትህ ስትሞት ማን ተቀበለህ ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ግን እልሃለሁ። አንድ ጊዜ መሰላል ውጣልኝ ነው ያልኩህ፣ ሰው ግደልልኝ አላልኩህም።

ምናሴ፦ ባደርገውስ ይሆናል? ኮርኒሱን እይው፣ ጥቀርሻ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ማን ያምንሻል?

ዘርፌ፦ ጥቀርሻ ትቀባዋለህ። ከግድግዳው በጨርቅ ጠረግ አድርገህ።

ምናሴ፦ አስበሽበታል።

ዘርፌ፦ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም። ምን ሳስብ ያደርኩ መሰለህ?

ምናሴ፦ መምህርን መስሎኝ ነበር። በየጠዋቱ ጋዜጣ የሚያነቡልሽን ሰውዬ።

ዘርፌ፦ በሳቸው አትምጣብኝ። ሾርባ ይዤ ሄጄ፣ አፋቸው ላይ ያንን ኦክስጅን አይቼ፣ ይዤው ተመልሻለሁ። ፔርሙሱ ያውና፣ እስካሁን አልተከፈተም።

ምናሴ፦ አልወጣም፣ እትዬ።

ዘርፌ፦ ምናሴ።

ምናሴ፦ አልወጣም። ደግሞም ዘግይተሻል። ጠዋት እንደመጣሁ ሁሉንም ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ፣ ክዳናቸው እንዳለ፣ ጥቀርሻቸው እንዳለ። ለበድሉ ላክሁለት። «ክዳኑ አልተነሣም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ደውልልኝ» ብዬ።

ዘርፌ፦ ምን አለህ?

ምናሴ፦ እስካሁን ምንም።

ዘርፌ፦ አላየውም ማለት ነው። አጥፋው። ሳይታይ አጥፋው።

ምናሴ፦ አላጠፋም። ግን ግራ ገብቶኛል። ስልክ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ስደውል ይጠራል፣ አያነሣም። ትቶኝ ነው? ወይስ ያንቺ ዘመድ ስለሆንኩ አላመነኝም?

ዘርፌ፦ አይመልስልህም።

ምናሴ፦ እንዴት አወቅሽ?

ዘርፌ፦ ትናንት ማታ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ክዳን የሚባል ነገር አልነበረም፣ ዕቃውን አበላሽቶ ነው የገጠመው ብያለሁ። እኔ ገና ከፖሊስ ጣቢያው ሳልወጣ በድሉን ይዘው አመጡት። ቀና ብሎም አላየኝ። አሁን ገባህ ለምን ውጣ እንደምልህ?

ምናሴ፦ ስልኩስ?

ዘርፌ፦ ሲገባ ተቀበሉት። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ።

ምናሴ፦ እንግዲያው ፎቶውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። መሰላሉን መልሺው፣ እትዬ።