በፉጨት የሚመጣው ፈረስ

ከጂንካ ወደ አልዱባ ገበያ ስንጓዝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ይከራከሩ ነበር። በየጊዜው አዲስ ክፍል የሚወጣለት፣ ተጫዋቹ በፈረስ እየጋለበ አገር የሚዞርበት ጌም ነው።

«አዲሱም ላይ ያ ፉጨት አለ እንዴ?»

«አለ፤ ዋናው ነገር እሱ አይደል?»

«እኔ አልወደውም። ፈረስህን የትም ጥለህ ሄደህ ስታፏጭ ከተፍ ይላል።»

«ሰው ሁሉ ይወደዋል እኮ!»

«ሰው ሁሉ ከብት አልጠበቀማ! ወንዝ ማዶ የተውከው ፈረስ በየት አልፎ ነው ከጀርባህ የሚቆመው?»

«ጌም ነው ባክህ! ታዲያ ስትፈልገው ልትውል ነው?»

«አዎ! ዱካ አይ፣ ሰው ጠይቅ። ከብት የሚገኘው እንደዛ ነው።»

«አንተ ጠይቀህ አገኘህ?»

የጠየቀው ልጅ ራሱ ቀጠለ።

«አንተ ፕሌስቴሽን ቤት ስትጋልብ አይደል የአባትህ በሬ የጠፋው?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ፤ ምናልባት ያየው ይኖራል።»

«ዛሬ ገበያ ላይ ካላገኘሁት ቤት አልገባም።»

«እንግዲያው አፏጭለታ!»

«አትቀልድ።»

ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ፤ ቀጭን ፉጨት ተከተለ።

እኔም ሳላስበው አንገቴን አስግጌ መንገዱ ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ተመለከትኩ።