ለፈጠነች የተገዛው ሶፋ

አቶ ኃይለየሱስ አንድ ቀይ ሶፋ በባጃጅ ጭነው፣ ለራሳቸው ቦታ ስላጡ ከኋላ በእግራቸው እየተከተሉ በሶዶ መናኸሪያ በኩል ሲያልፉ የወንድማቸው ልጅ ናዝራዊት ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። እሳቸው የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ እሷ ሕግ ተምራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሰውየው ዘወር ብለው ቢያልፏት በወደዱ፤ ቀይ ሶፋ አስከትሎ ግን ዘወር ማለት አይቻልም።

«ደህና ዋሉ ጋሼ? ሶፋው ለቤት ነው?»

«ለእድሩ ነው። ለወይዘሮ ፈጠነች፣ ለክብሯ ብዬ ነው» አሉ፣ ዐይናቸውን ባጃጁ ላይ ተክለው።

ፈጠነች ከገበያው ጀርባ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። በወላይታ የሸክላ ሠሪውን ወገን ጪናሻ እያሉ አብሮት መብላትና መጋባትን መጠየፍ የቆየ ልማድ ነው። የአቶ ኃይለየሱስ አያቶች ከሰሜን መጥተው ሶዶ ሲሰፍሩ ከአገሩ ነገር ሁሉ ቶሎ ብለው የተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ቋንቋውን ግን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በቅጡ አልቻለውም። ፈጠነች እናቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ እድር ልግባ እያለች ብትለምንም ሰሚ አላገኘችም። ዘንድሮ ግን ሰውን በሙያው ወይም በዘሩ የሚከለክል እድር ፈቃዱ አይታደስም የሚል መመሪያ ወጣ፤ እድሩም ሳይወድ በግድ ተቀበላት።

«ሶፋው የት ይቀመጣል?» አለች ናዝራዊት።

«በሩ አጠገብ።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ከውስጥ፣ እንደ ወትሮው በአግዳሚያችን። ወርቅ ቅብ ሲኒም ገዝቼላታለሁ፤ ለብቻዋ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማግለል ነው።»

«በወርቅ ቅብ ሲኒ የተገለለ ሰው የት አየሽ? መመሪያሽ ተቀበሏት አለ፣ ተቀበልናት። የት ትቀመጥ እንደሆነ አልነገረንም።»

ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ይሉ የለ፤ ናዝራዊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም የረቷት መስሏቸው ቀጠሉ።

«ደግሞስ ልጄ፣ መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ውኃ ያስገባ። በልቤ ምን አገባው? ልብ በመመሪያ አይታዘዝም።»

«መመሪያው በሩን ክፈቱ ነው ያለው፤ ልብዎን መቼ ነካው? ልብ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ለመሆኑ ሁምቦ ያለው መሬትዎ ሲመዘገብ የባለቤትዎ የእትዬ ጣፈጠች ፎቶ ከእርስዎ ጎን ይለጠፍ ሲባል ምን ብለው ነበር?»

አቶ ኃይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቴ ፈረሰ ብያለሁ።»

«ፈረሰ?»

«አልፈረሰም።»

«ያ ምላሱ ማር የሆነ ደላላ መሬቱን በከንቱ ሊያስፈርምዎት ሲል ማን አዳነዎት?»

«እሷ ናታ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልፈርምም ብላ ድርቅ አለች።»

«ያኔ ልብዎ እሺ እስኪል ቢጠበቅ ኖሮ ዛሬ መሬቱ የለም። እትዬ ጣፈጠችም ያንን ያደረገችው እኩል ባለመብት ሆና እንጂ ዳር ተቀምጣ አይደለም።»

ነገሩ ልክ መሆኑ ገብቷቸው ነበር። ግን ሶፋው ተገዝቷል፣ ባጃጁም ርቋል፤ «እስቲ እናያለን» ብለው ሮጡ።

እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ ፈጠነች በሩ አጠገብ ካለው ሶፋ ውስጥ ሰጥማ ተቀምጣለች። ስብሰባው ገና ሳይጀመር ባለሱቁ አቶ ሰብስቤ ከአግዳሚው ላይ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

«ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ጣውላ ላይ ወገቤን ሰብሬያለሁ። ትናንት የገባች ሴት በምን ሒሳብ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች?»

«ሲኒዋንስ አያችሁ?» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ። «የእኛ ጆሮው የረገፈ ነው።»

«በሕጉ ሁላችን እኩል ነን ተብሎ የለም እንዴ?» አለ ሌላው። እነዚሁ ሰዎች ባለፈው ስብሰባ ሴትዮዋ አትግባብን ብለው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኸው ነበር። አሁን ግን እኩልነትን እንደ እነሱ የሚወድ በወላይታ አልተገኘም።

አቶ ኃይለየሱስ ላብ አጠመቃቸው። ሶፋው ለክብር ነው እንዳይሉ ሰብስቤ የባሰ ሊቆጣ ነው፤ ለማግለል ነው እንዳይሉ ራሳቸውን ሊያስከስሱ ነው። ሳሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ የገቡበት ነገር ነበር።

በዚህ መሐል ፈጠነች ተነሣች።

«እኔ ሶፋ መች ጠየቅኩ?» አለች ቀስ ብላ፣ ወላይትኛ በሚጫነው አማርኛዋ። «የሚፈልግ ይውሰዳት። እናቴ ደክሟል። እሱ የሞተ ቀን ሶፋ አያለቅስልኝም፤ ሰው ነው የሚያለቅስልኝ። ሰው እንዲመጣልኝ እኔም ለሰው መሥራት አለብኝ። የንፍሮ ተራ ስጡኝ፤ ልቀቅል፣ ብሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አቶ ኃይለየሱስ አፈሩ፤ ሰው ፊት በማፈር ሳይሆን ከልባቸው። የእናታቸው ለቅሶ ትዝ አላቸው፤ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ባይመጣስ ኖሮ ብለው አሰቡ።

«ተራዋ ይያዝ» አሉ። «እዚህ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ጎን ትቀመጥ። ሶፋውን አቶ ሰብስቤ ይውሰዱት፤ ወገባቸው ይዳንበት።»

ብዙም ሳይቆይ የሰብስቤ አክስት አርፈው ንፍሮ የመቀቀሉ ተራ የፈጠነች ሆነ። ሰሃኑ ድንኳኑ ውስጥ ሲዞር ሁሉም የዳኛውን እጅ ያያል። አቶ ኃይለየሱስ ዘግነው አላመጡና «ጨው አንሶታል» አሉ።

«የሳህሊቱ ሲያንስ ምነው ዝም አልክ?» አለች ፈጠነች ከበሩ።

ለቀስተኛው ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ፤ ሰሃኑም ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሌላ ሰፈር እድር ዳኞች መመሪያውን እንዴት እንደሚሸውዱ ምክር ሊጠይቋቸው ቢመጡ አቶ ኃይለየሱስ እንዲህ ይሏቸው ጀመር፤ «አትድከሙ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ሰው ሲጨመር ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ድንኳን የሚተክለው እጅ ይበዛል። የፈጠነች ወንድሞች መቃብር ሲቆፍሩ ብታዩ ያለ እነሱ እንዴት እንደኖርን ይገርማችኋል። ጎረቤት ከጎረቤት አይሸሽም፣ ልጆቻችንም ይህን ነውር አይወርሱትም። ሕጉ ባያስገድደን እኛ በራሳችን መቼ እንጀምረው ነበር?»

ጥቅምት ላይ የፈጠነች እናት አረፉ። ድንኳኑ ሰው አልበቃውም። ቃሬዛው ሲነሣ ጎረምሶቹ «ጋሼ፣ እርስዎ አይችሉም፣ ለእኛ ይልቀቁልን» ብለው አቶ ኃይለየሱስን ለመኗቸው። ሰውየው ግን እጀታውን አንቀው ይዘው፣ ከፈጠነች ታላቅ ወንድም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እያለከለኩ እስከ መቃብሩ ሄዱ።