በርሜል አናት ላይ የቀሩት ብዮች

ሽማግሌው ፋንሱ ዳርቦ በጋምቢያ ወንዝ ዳር ጀልባ ሲጠብቁ የእህታቸው ልጅ መምህር ያንኩባ ድንገት አገኛቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቃቸው፣ ማዶ የተዳረችውን ልጃቸውን ሲራን ከባሏ ቤት ሊያስወጡ እንደሆነ ነገሩት። በወረዳው ምክር ቤት ምርጫ ወንድማቸውን ካውሱን በጥቂት ድምፅ የረቱት የሲራ ባል አባት ነበሩና፣ ድምፅ ሰርቆ ነው ያሸነፈው፣ ልጄ ከሌባ ቤት አትኖርም ብለው ቆርጠዋል። ነፍሰ ጡር መሆኗ እንኳ አላራራቸውም።

ያንኩባ ነገሩ ፍርድ ቤት መድረሱን፣ ዳኛው መራጩ ለድምፅ በየእጩው በርሜል የጨመራቸውን ብዮች በሁለቱም ወገን ፊት ዳግም እንደሚያስቆጥሩ አስረዳ። ሽማግሌው ግን ዘመድን ዳኛ ፊት ማቆም ነውር ነው ባይ ናቸው።

«ነፍሰ ጡር ከባሏ መንጠቅስ ነውር አይደለም?»

«ትምህርት ምላስህን አርዝሞልሃል።»

«ይቆጡኝ፣ አጎቴ። ሲራን ቢያመጧት ግን በርሜሉ ውስጥ አንድ ብይ ይጨመራል? ለመሆኑ እርስዎ እንዴት መረጡ?»

«እንደ ጨዋ ሰው ነዋ። ብዩን በርሜሉ አናት ላይ፣ ከካውሱ ፎቶ በላይ፣ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ። ወንድሜ ላይ እንደ ድንጋይ ልወርውር? እኩዮቼንም እንዲሁ አድርጉ ብያቸዋለሁ።»



«አጎቴ፣ ብዩ በርሜሉ አናት ላይ ባለው ቧንቧ ገብቶ ውስጥ ያለውን ደወል ካልመታ አይቆጠርም። ደወል ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም» አሉና አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸውን የጣለው ሌባ ሳይሆን የገዛ አክብሮታቸው ነበር። ክፋት በሌለበት እንዲህ ያለ ጉዳት ማየት ያሳዝናል፤ ሳያጣሩ ሰውን ሌባ ማለት ግን ከዚህም ይከፋል።

«ለማንም እንዳትናገር» አሉ ቆይተው።

«እኔ አልናገርም። ለዳኛው የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ብናገር ካውሱ ያሸንፋል?»

«አያሸንፍም ይሆናል። ሲራ ግን የሌባ ምራት ስትባል አትኖርም።»

ጀልባው መጣ፤ ሽማግሌው አልተሳፈሩም።

በችሎቱ ቀን ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። በርሜል ውስጥ የገቡት ብዮች ብቻ ዳግም ተቆጠሩ፤ ውጤቱም ጸና። ካውሱ ቢያዝንም እንዴት እንደተሸነፈ አወቀ፤ ለእሱ ተቆጥተው ለዱላ ተሰባስበው የነበሩ ጎረምሶችም ወደ እርሻቸው ተበተኑ። ዳኝነት ለተሸነፈው ወንበር ባይሰጠው እንኳ ጥርጣሬን ያነሳለታል፤ ዘመድ ከዘመድ ሳይቆራረጥም ለመጪው ምርጫ ይደርሳል።

ፋንሱ ያን ዕለት ወንዙን ተሻግረው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ከሲራ ባል አባት ደጅ ቆሙ።

«ሌባ ብዬዎት ነበር። ስምዎን በሰው ፊት ነውና ያጠፋሁት፣ ይቅርታውንም በሰው ፊት እጠይቃለሁ» አሉ።

 ሰውዬው ወደ ውስጥ ተጣሩ፦ «ሲራ፣ ነይ። አባትሽ ሊወስዱሽ አይደለም የመጡት።»

ሲራ ከጓዳ ብቅ አለች። የአባቷን ፊት አየችና፣ ከሰሞኑ አስራ ያስቀመጠችውን የልብስ ቋጠሮዋን ቁጭ ብላ መፍታት ጀመረች።